እትዬ አስካለና የጻፍኩላቸው ታንኳ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 16/81፤ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ፓርኪንግ ሎት፣ አትላንታ

የሚገባ መኪና ቀዝቅዟል። የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ የምቀበልባት ጎጆዬ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ፋኑ ይጮኻል። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ደብተሬ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ባለፈው ወር የመጽሔት ዓምዴ ላይ ስለ ሉዊዚያናው የረግረግ ፓርክ የጻፍኩትን ታስታውሺያለሽ? «በዓይኔ አይቼ የመጣሁትን ላካፍላችሁ» ያልኩትን?

አላየሁም። እግሬ ሉዊዚያናን ረግጦ አያውቅም።

የዚያ አገር ታርጋ ያለው አንድ ሰውዬ መኪናውን ሲያወጣ ባለ ሥዕል ወረቀት ጥሎልኝ ሄደ። ዝናብ ነበር። ዓምዴ በማግስቱ መድረስ ነበረበት። ከወረቀቱ ቀዳሁ፣ የጎደለውን ከራሴ ሞላሁ። ኬጀን የሚባሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች «ልክ እንደ ጣና ሰዎች ቆመው የሚቀዝፉት የደንገል ታንኳ አላቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ከደጃቸው ውሃ ላይ ታስሮ ይኖራል» ብዬ ጨመርኩበት። ዓረፍተ ነገሩ ደስ አለኝ። ተውኩት።

ዛሬ ጾሙ ተፈትቶ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ። እትዬ አስካለ ማለት ሆስፒታል ላውንድሪ የሚሠሩት፣ ቻምብሊ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩት፣ የዘጌዋ። ጽሑፌን አንብበውታል። ለሌበር ደይ በዓል እዚያ ለመሄድ ቬኬሽን አስፈቅደዋል። ልጃቸው ሰናይት ትነዳለች፣ እኔ መንገድ አሳያለሁ። «የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

በደስታ አልኩ። በደስታ! ምን ነክቶኝ ነው?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 18፤ ጠዋት

ሰናይት ደወለች። ናይት ሺፍቷን ጨርሳ ገና መግባቷ ነው፣ ድምጿ ሻክሯል። ስለ ጉዞው መስሎኝ ነበር። ስለ እናቷ ነው።

ፍሪጅ ላይ ዝርዝር ለጥፋለች። ማሚ ምድጃ ሳታጠፋ ወጣች። ማሚ ቁልፍ ውስጥ ረስታ ቆለፈች። ማሚ እኔን በአክስቴ ስም ጠራችኝ። ማሚ ልጅ ሳለሁ ታንኳ እቀዝፍ ነበር ትላለች፤ ዘጌ ላይ ሴት ልጅ ስትቀዝፍ ማን አየ? አሁን ደግሞ፣ ዩ ኖ፣ ሉዊዚያና ውስጥ የደንገል ታንኳ አለ፣ ገነት ጽፋዋለች ትላለች፤ ገነት እኔ ነኝ። ሰናይት መጽሔቱን አታነብም፤ ጊዜ የላትም። እናቷ ነገር መቀላቀል ጀምራለች፣ ይኸው ነው የምታውቀው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የከበደው። የእትዬ አስካለ የቤት ኪራይ ሊዝ መስከረም ላይ ያልቃል። ኮሳይን የምታደርገው፣ ዋስ ሆና የምትፈርመው፣ ሰናይት ናት። ጉዞው ላይ እናቷን ልታያቸው ነው። ደህና ከሆኑ ትፈርማለች። ካልሆኑ ሥራም ቀረ፣ ቤትም ቀረ፤ ከከተማ ራቅ ብሎ ስኔልቪል እሷ ጋ ይገባሉ። ስኔልቪል ቤቱ ሰፊ ነው፣ ግቢውም አረንጓዴ ነው። መኪና ለማይነዳ ሰው ግን ሽንኩርት ለመግዛት እንኳ ሰው መጠበቅ ነው። እትዬ አስካለ ዛሬ በገዛ እግራቸው ባቡር ይዘው ሥራ ይገባሉ።

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ስልክ እየጠራ ነው ብዬ ዘጋሁባት። የትኛው ስልክ? እያወራሁበት ያለሁት?

እሑድ፣ ነሐሴ 21

ለጋሽ ፍሥሓ ልናዘዝ ሄድኩ። መጽሔቱን የሚያዘጋጀው እሱ ነው፤ ማተሚያው ቤዝመንቱ ውስጥ ነው። አፌን ሳልከፍት ዓምድሽ ተወደደ አለኝ። ሁለተኛ ክፍል ጻፊ፣ ፎቶም ይኑረው። ስወጣ የሱ ካሜራ አንገቴ ላይ ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 26፤ 12 ሰዓት፣ ሞቴል

ደረስን። አላባማን ጨረስን፣ ሚሲሲፒን ጨረስን፣ ወገቤም አብሮ አለቀ።

እኔም የራሴን ዝርዝር ጀምሬያለሁ፤ የእትዬ አስካለን ደግ ደጉን። አንድ፣ ሰናይት የምንወጣበትን ኤግዚት ስታልፍ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ሁለት፣ ቀኑ ዓርብ መሆኑን እኔ ረስቼ ሀምበርገር ሳዝ አስታወሱኝ። ሦስት፣ ድንቹ በምን እንደተጠበሰ ሰናይትን አስጠየቋት፤ በአሳማ ስብ ነው ሲባሉ ከቦርሳቸው ቆሎ አወጡ። ሁላችንም ያንኑ በላን። ይህ ሁሉ ጭንቅላቱ የዞረ ሰው ነው?

በዚያ በኩል ደግሞ ሰናይትን ሁለት ጊዜ በአክስቷ ስም ጠሯት። ሰናይት በመስታወቱ አየችኝ። እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 27፤ 11 ሰዓት ከ.ሰ.

ጠዋት ኒው ኦርሊንስ አሮጌው ሰፈር ውስጥ የፓርኩ እንግዳ መቀበያ ገባን። አውቃለሁ በሚል አረማመድ ፊት ፊት ሄድኩ። አረንጓዴ የለበሰችውን ጠባቂ የረግረጉ በር በየት ነው አልኳት።

ካርታ ዘረጋችልኝ። ፓርኩ አንድ ቦታ አይደለም፣ ደብተሬ! ቁርጥራጭ ነው። አንዱ እዚህ ከተማው መሃል። አንዱ ወንዙን ተከትሎ ታች፣ የድሮ ጦር ሜዳ። ረግረጉ ከትልቁ ወንዝ ማዶ። የኬጀኖቹ ባህል የሚታይባቸው ቤቶች ደግሞ ወደ ምዕራብ የሰዓታት መንገድ፣ እነሱም ገና አልተከፈቱም። ወረቀቱ «ይከፈታሉ» ይላል። እኔ «አሉ» ብዬ ጻፍኩ። ከረግረጉ ወደ ቤቶቹ በእግር አሥር ደቂቃ ነውም ብያለሁ።

ሰናይት መጥተሽ አልነበር እንዴ አለችኝ። በሌላ በር ነው የገባሁት አልኩ። እመቤቴ ድረሺልኝ።

ከሰዓት ወንዙን ተሻገርን። ውሃው ላይ የተሠራ የሳንቃ መንገድ አለ፣ ዛፎቹ መሃል ይገባል። ከየቅርንጫፉ ግራጫ ጺም የመሰለ ነገር ተንዠርጓል። ግንድ ያልኩት ነገር ዓይኑን ገለጠ፣ አዞ ነው። እኔ ጮኽኩ፣ እትዬ አስካለ ግን ጎንበስ ብለው አዩት። ትንሽ ነው አሉ።

አስጎብኚው ወጣት ስለ ኬጀኖቹ ተናገረ። ድሮ ካናዳ ይኖሩ ነበር። እንግሊዞች በመርከብ ጭነው አባረሯቸው፤ ብዙ ተንከራተው ከዚህ ረግረግ ገቡ። ሰናይት ተረጎመችላቸው። እትዬ አስካለ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ታዲያ ትተውት የሄዱት ቤት ውስጥ ማን ገባበት?» ልጁ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም አለ። በዝርዝሬ አራት ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ የደንገል ታንኳው የት ነው ብለሽ ጠይቂልኝ አሏት። ጠየቀችው። ሞተር ያለው የብረት ጀልባ አለ፣ የእንጨትም አለ፣ የደንገል ኖሮ አያውቅም አለ፣ በትሕትና። ሰናይት ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ባየሽው። ታማሚ ሲያስታምሙ የሚፈገገው ዓይነት ነው።

እኔ ፊልም እየቀየርኩ ነበር። ፊልሙ አላለቀም።

ያው ዕለት፣ ከእራት በፊት

ይባስ። ሞቴሉ በረንዳ ላይ፣ በረዶ ከሚሰጠው ማሽን ጋ፣ ሰናይት ብቻዬን አገኘችኝ። በእውነት ንገሪኝ አለች፤ የደንገል ታንኳ አለ ብለሽ ጽፈሻል? ማሚ ጽፋለች ብላ ትምላለች።

አላስታውስም አልኩ። ብዙ ነው የምጽፈው አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። በቃ፣ ወደ ስኔልቪል ነው አለች። አልተቆጣችም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ በረዶ እየቀዳሁ ነበር።

እሑድ፣ ነሐሴ 28፤ 10 ሰዓት ከ.ሰ.

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌን ታገሺ።

የትናንቱ ልጅ አንድ ሰው ጠቁሞን ነበር። ከፓርኩ ወጣ ብሎ ውሃ ዳር የሚኖር ኬጀን፣ እሑድ እሑድ ጀልባውን ለመጣው ሁሉ ያሳያል። ሄድን። ስሙ አልሲድ ነው። እትዬ አስካለ ፈረንሳይኛውን ሲሰሙ «ሙሴ» ብለው ጠሩት፣ ድሮ አዲስ አበባ የፈረንጅ ሱቅ ባለቤት እንደሚጠራው። ደስ አለው። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፣ እሱም በራሱ ቋንቋ፣ እሳቸውም በራሳቸው።

መጀመሪያ የተቀቀለ ክራብ፣ ባለ ብዙ እግሩን የባሕር ፍጥረት፣ በሳፋ አቀረበልን። እትዬ አስካለ አዩት። «ይሄ ሸረሪት ነው። አይበላም፣ ሙሴ።» ገባው፣ ሳቀ፣ ዳቦ አመጣ።

ጀልባው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ጠባብ፣ እንደ ገበታ የጎደጎደ ነው። ሙሴ ቆሞ በረጅም ዘንግ እየገፋ አንድ ዙር ዞረ። ቆሞ! እኔ ከራሴ የፈጠርኩት ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሊያኮራኝ ሲል ሌላው ግማሽ ትዝ አለኝ።

ተመልሶ ለእትዬ አስካለ ዘንጉን ዘረጋላቸው። አይ አሉ። እንደገና ዘረጋ። አይ፣ ኧረ ተወኝ አሉ። አትላንታ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ አሜሪካዊ አንድ ጊዜ እምቢ ካልሽው አመስግኖ ይሄዳል። ይህ ሰው ግን ለሦስተኛ ጊዜ፣ በመሐላ ቢጤ ዘረጋ። እንደኛው ነው! ይሁን አሉ፣ ጫማቸውን አወለቁ።

ሰናይት «ማሚ፣ ኖ! ማሚ ትወድቂያለሽ!»

«ከወደቅኩ ታወጪኛለሽ፣ ነርስ አይደለሽ?»

ገቡ። አልቆሙም፤ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ጀልባው መጀመሪያ ክብ ሠራ። ሰናይት እጄን ያዘች፣ ጥፍሯ ገባ። ሁለተኛም ክብ ሠራ። እትዬ አስካለ ቆም ብለው ዘንጉን አገላብጠው ያዙ። ከዚያ ቀጥ አለ። ቀጥ ብሎ እስከ ወዲያኛው ዛፍ፣ ዞሮም መጣ። ሙሴ በፈረንሳይኛ ይጮኻል። ካሜራው አንገቴ ላይ ነው፣ ማንሣቱን ረሳሁት።

ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ረጥቧል። አባታቸው የታመሙ ጊዜ አንድ ክረምት እንጨት ወደ ባሕር ዳር ያሻገሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ነገሩን። ለምን እንደ ሙሴ አልቆሙም አልኳቸው። ቆሞ የሚቀዘፈው ሰው ሲያይ ነው አሉ።

ሰናይት ፊቷን ጠረገች። እሺ፣ መቅዘፉ እውነት ነው አለችኝ ቀስ ብላ። የደንገሉ ነገር ግን…

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ነገርኳት። እዚያው ጭቃው ላይ፣ እናቷ እየሰሙ። ሉዊዚያናን ከትናንት ወዲያ ዓርብ በፊት አይቼው አላውቅም። ታንኳው የኔ ፈጠራ ነው። ትናንት አላስታውስም ያልኩሽም ውሸት ነው።

ሰናይት ወደ እናቷ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የእናቴ ስሕተት ብዬ ፍሪጅ ላይ የለጠፍኩት ያንቺን ውሸት ነበር?» አለች። አልሳቀችም።

እትዬ አስካለ ጫማቸውን እያጠለቁ ናቸው። ቀና ሳይሉ፣ ገና ያነበብኩት ቀን አውቄዋለሁ አሉ። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ ይሰምጣል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ ታስሮ ይኖራል ያለች ሴት ታንኳ አይታ አታውቅም።

ሰናይት ጮኸች። ታዲያ ለምን አለ አለ ትይኝ ነበር?

«ተጽፏል አልኩሽ። እውነት ነው መች አልኩሽ?»

ታዲያ ለምን መጡ አልናቸው፣ ሁለታችንም እኩል። አንድ ጀልባ አይጠፋም ብዬ አሉ። አንቺ ቆመሽ እንድታዪኝ ነው አሉ፣ ወደ ሰናይት።

መመለሻው ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። እኔ ኋላ ነኝ፣ የታወቀ ነው።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 1፤ ምሳ ሰዓት፣ ጎጆዬ

ጋሽ ፍሥሓ ጋ ሄጄ ነገርኩት። ተናደደ። ቀጥሎ የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ሁለት መስመር እርማት ይበቃል አለኝ። እምቢ አልኩ። ዓምዴ ላይ፣ ከላይ፣ ስሜ ሥር። ሰው ይስቅብሻል አለኝ። ይሳቅ። ዓርብ ይወጣል። «ፓርኩን አላየሁም ነበር» ብሎ ይጀምራል። ፎቶ የለውም።

እትዬ አስካለ ትናንት ደወሉ። አንድ እርማት አላቸው። ሙሴን ሽማግሌ ብለሽ እንዳትጽፊ፣ እኩያዬ ነው። እሺ አልኩ።

ሰናይትም ደወለች፣ አጠር አድርጋ። ከዝርዝሩ ሁለት መስመር ሰርዛለች፤ የቀዘፋውንና የደንገሉን። ምድጃው አለ። ቁልፉ አለ። የአክስቷ ስም አለ። መጽሔቱን አንድ አስቀሪልኝ አለች፣ ራሴ አነበዋለሁ። ትፈርሚያለሽ ወይ አልኳት። አነበዋለሁ አልኩሽ አለች።

ሊዙ የሚፈረምበት የአፓርትመንቱ ቢሮ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይከፈታል። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼሽ እሄዳለሁ። ሰናይት ብዕሩን አነሣችም አስቀመጠችም፣ እዚያው ቆሜ፣ ያየሁትን ብቻ እጽፍብሻለሁ።