ስለ አሰልጣኝ ታናሲዬ ግርቢች ዕረፍትና ስለ ሁለቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዎች

ለክለባችን አባላት፣ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች፣ እንዲሁም ለብሬስቶቫ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ

የብሬስቶቫ ቅርጫት ኳስ ክለብን ለሠላሳ ስምንት ዓመታት ያገለገሉት አሰልጣኝ ታናሲዬ ግርቢች ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የክለቡ የሥራ አመራር ቦርድ፣ ሠራተኞችና ተጫዋቾች በእጅጉ አዝነናል።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልነው በጥንቃቄ ቆጥረን ነው። ከሞራቫ ወንዝ ማዶ ያለው ክለብ ከትናንት ጀምሮ በከተማችን ዛፎችና የመብራት ምሰሶዎች ላይ፣ በራሳችን የስፖርት አዳራሽ በር ላይ ጭምር፣ «አሰልጣኛችን» የሚል ባለጥቁር ጠርዝ የሞት ማስታወቂያ ለጥፏል። ማስታወቂያው የእኛን እጥፍ ያህላል፤ ፎቶውም ባለቀለም ነው። አሰልጣኝ ታናሲዬ በዚያ ክለብ የሠሩት ሦስት ዓመት ብቻ መሆኑን ሕዝቡ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

በዚያ ፎቶ ላይ የ1998ን ዋንጫ አቅፈው ፈገግ ብለዋል። እኛ ዘንድ ካሉት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶዎቻቸው መካከል ፈገግ ያሉበትን ለማግኘት ሁለት ሠራተኞች ግማሽ ቀን ቢፈልጉም አላገኙም። ነገሩ ቅር አሰኝቶናል፤ ቅር መሰኘታችንንም አንደብቅም።

አሰልጣኝ ታናሲዬ በ1951 በዚሁ በብሬስቶቫ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ለክለባችን ተጫውተው ጉልበታቸው ከተጎዳ በኋላ ወደ አሰልጣኝነት ዞሩ።

በ1983 ዋና አሰልጣኝ ሆኑ። አዳራሹ ማሞቂያ ባልነበረው በዚያ ዘመን ተጫዋቾች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቅብብል እንዲለማመዱ ያደርጉ ነበር። ልምምዱ እስከ ዛሬ አልቀረም።

በ1989 ክለባችን በሊጉ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ የተሻለ ውጤት አግኝተን አናውቅም።

ከ1996 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት በሥራ ምክንያት ከክለባችን ርቀው ነበር።

በ1999 ተመልሰው እስከ 2015 በዋና አሰልጣኝነት፣ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው ወጣቶችን በማሠልጠን አገልግለዋል። በዚህ ጊዜ ካፈሯቸው ተጫዋቾች አሥራ አራቱ ወደ ሌሎች ክለቦች ሄደዋል። አምስቱ ወንዙን ተሻግረው የሄዱ ናቸው። እነዚያ አምስቱ በአዳራሻችን ሊገጥሙን ሲመጡ ከተጫዋቾቻችን ቀድመው እርሳቸውን ያቅፉ ነበር፤ እርሳቸውም ያቅፏቸው ነበር። ቦርዱ ይህን ዘወትር ከመቀመጫው ሆኖ ይመለከት ነበር።

ስለ ፌብሩዋሪ 3ቱ ስህተትም ማስረዳት ይገባናል። በዚያ ሳምንት አሰልጣኙ ሆስፒታል ሲገቡ፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት የሞት ማስታወቂያቸውን ለማተሚያ ቤት ማዘዛቸው ተወራ። የጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን አቶ ሚሎራድ ፓውኖቪች መቀደም አልወደዱም። ስለዚህ የዕረፍቱ ቀን ክፍት ሆኖ የተተወ አርባ የሞት ማስታወቂያ አሳተሙ። ለጣፊው ሠራተኛ ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ ሲያገኘው እንደ ልማዱ አንሥቶ ከተማውን ሞላበት።

አሰልጣኙ በሁለተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጥተው ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የሊንደን ዛፍ ላይ የራሳቸውን ሞት አነበቡ። ማስታወቂያውን ገንጥለው በቀይ እስክሪብቶ አርመው ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይዘውት መጡ። ለአቶ ሚሎራድ የተናገሩትንም አቶ ሚሎራድ ራሳቸው በቃለ ጉባኤ አስመዝግበውታል።

«ሚሎራድ፣ እሞታለሁ፣ ችግር የለም። ግን በሰማንያ ዘጠኝ ሁለተኛ ነው የወጣነው፤ ሦስተኛ ብለህ እንዳትቀብረኝ።»

ውጤቱን አርመዋል። ከእርማቱ በታች ደግሞ በዚያው ቀይ ቀለም ሁለት መስመር ጽፈዋል፦ «ኦግንየንን ልቀቁት። እኔን እንዳደረጋችሁኝ አታድርጉት።»

ኦግንየን ቪዶየቪች ጨዋታውን የሚመራው የክለባችን ኳስ አቀባይ ተጫዋች ነው። አሰልጣኝ ታናሲዬ በ2017 መልምለው ያሳደጉት፣ ዛሬ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። በጃንዋሪ አንድ የስፔን ክለብ ለሦስት ዓመት ጠይቆታል፤ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ካልተመዘገበ ግን ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ ግልጽ አድርጓል። ክለባችን በሊጉ አንደኛ ነው፤ ከወንዝ ማዶ ያሉት በአንድ ጨዋታ ብቻ ይከተሉናል፤ ሰባት ጨዋታ ቀርቷል። ኦግንየን ከሄደ ዋንጫው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ቦርዱ ጉዳዩን ለጁን አስተላልፎት ነበር። ኦግንየን አንድ ጊዜ ጠይቆ ሁለተኛ አልጠየቀም፤ ልምምዱንም አላቋረጠም።

እዚህ ላይ፣ ከላይ «በሥራ ምክንያት» ያልነውን ማስተካከል ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል። በ1996 በግሪክ የተሰሎንቄ አንድ ትልቅ ክለብ አሰልጣኝ ታናሲዬን ፈልጎ ጽፎ ነበር። ውላቸው ሊያልቅ አምስት ወር ቀርቶት ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤው ተዘጋጅቶ ለቦርዱ ቢቀርብም አልተፈረመም። በወቅቱ ቃለ ጉባኤ የተጻፈው ምክንያት «የክለቡ ጥቅም» ይላል። ከዚያ ጉባኤ አባላት ሁለቱ ዛሬም ቦርዱ ውስጥ አሉ፤ ነገሩ ቅናት እንደነበር ይመሰክራሉ። ከእኛ ጋር ያላገኙትን ከሌላ ጋር ሲያገኙ ማየት አልፈለግንም። ውላቸው ሲያልቅ ግሪኮቹ ሌላ ሰው ቀጥረው ነበርና ወንዙን ተሻገሩ። በሁለተኛው ዓመት ከማዶ ዋንጫ አነሡ፤ እኛ አምስተኛ ወጣን።

የቦርዱ ሰብሳቢና አቶ ሚሎራድ ትናንት ረቡዕ ወደ ሐዘን ቤቱ ሄደው ነበር። ከመሄዳቸው በፊት የ1996ን ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አስወጥተው፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገውበት፣ ከአስከሬኑ ጋር እንዲቀመጥ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሊዩቢንካ ሰጧቸው። በበኩላችን ትልቅ ነገር ያደረግን መስሎን ነበር። ወይዘሮ ሊዩቢንካ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ አጥፈውም ለሐዘኑ ከቀረበው የስንዴ ንፍሮ አጠገብ አስቀመጡት።

«ይሄ የሞተው ነው፤» አሉ። «የልጁንስ ይዛችኋል?»

አልያዝንም ነበር። ወይዘሮዋ ግን እንግዶቹን የፍራፍሬ አረቄያችንን ራኪያ ሳያቀምሱ አልሸኙም።

ሁለቱ ከዚያው በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤት ተመልሰው ቦርዱን ጠሩ፤ ቦርዱም የኦግንየን ቪዶየቪችን የመልቀቂያ ደብዳቤ በሙሉ ድምፅ አጽድቆ ፈርሟል። ኦግንየን ነገ የአሰልጣኙን አስከሬን ከሚሸከሙት ስድስት ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ከቀብሩ በኋላ ቅዳሜ ይበርራል። መልካም ዕድል እንመኝለታለን።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ነገ ዓርብ ከቀኑ በሰባት ሰዓት በብሬስቶቫ መቃብር ይፈጸማል። ደጋፊዎች የአበባ ቁጥራችሁ በልማዳችን ለሐዘን እንደሚገባው ለሁለት የሚካፈል ቁጥር መሆኑን እንድታረጋግጡ እናሳስባለን። ከወንዝ ማዶ ያለው ክለብ የሣጥኑን ግራ እንዲይዝ ወይዘሮ ሊዩቢንካ ስለፈቀዱ ቦርዱም ተስማምቷል። የአበባ ጉንጉናችንን መጠን መግለጽ ከሐዘኑ ክብር ጋር አይሄድም፤ ትልቅ ነው።

ለወይዘሮ ሊዩቢንካ፣ ለልጆቻቸው፣ አሰልጣኙ ላፈሯቸው ተጫዋቾች ሁሉ፣ ሦስት ዓመት ለወደዷቸው የማዶ ሰዎችም ጭምር መጽናናትን እንመኛለን። አሰልጣኝ ታናሲዬ በእጃቸው ያረሙት ማስታወቂያ ከዛሬ ጀምሮ በአዳራሻችን በር ላይ ተለጥፏል። ክፍት የነበረው ቀን ተሞልቷል፤ የቀይ እስክሪብቶው ጽሑፍም እንዳለ ነው። ከጎኑ የተለጠፈውን የማዶውን ማስታወቂያ ማንም እንዳይገነጥል አዝዘናል፤ እርሳቸው የሚስቁበት ሌላ ፎቶ የለንም።

የብሬስቶቫ ቅርጫት ኳስ ክለብ የሥራ አመራር ቦርድ
ብሬስቶቫ፣ ሐሙስ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.