የኮረሪማን ስም ያስጣልን ጊዜ

ውድ የምስራች፣

አስቀድሜ ጤናሽን መጠየቅ እንዳለብኝ አልጠፋኝም፤ ግን ወሬው አላስችል አለኝ። አሸነፍን! ኩባንያው ማመልከቻውን ትቶታል።

ማክሰኞ ጠዋት በአውቶቡሴ ተማሪዎቼን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ጌይተርስበርግ የአውቶቡሶቹ ግቢ ውስጥ መስኮት እየወለወልኩ ሳለ ጠበቃዋ ዕድላዊት ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ኢትስ ዴድ!" አለች እየጮኸች። እኔ ሰው የሞተ መስሎኝ ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። "ማን?" አልኳት። "አፕሊኬሽኑ! አፕሊኬሽኑ ሞተ!" ስትለኝ፣ "እንኳን ሞተ!" ብዬ ጮህኩ። ከጎኔ ያለው አውቶቡስ ውስጥ የነበረው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ "ደህና ነህ?" አለኝ። ደህና ነበርኩ። እንደዚያ ቀን ደህና ሆኜ አላውቅም።

ለአንቺ ለመደወል ሞክሬ ነበር፤ የቦንጋ ኔትወርክ ግን ሁለት ጊዜ "ሃሎ" አስብሎኝ ተቆረጠ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ በስልክ ስትስቂ እኔ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። የመዘምራኑ ሲላስ ሐሙስ ወደ ጅማ ስለሚሄድ ይህን በእጁ ያደርስልሻል። የምታውቂውንም ጭምር እጽፍልሻለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ከቆምኩበት በኩል ሆነሽ አላየሽውም። የማታውቂውም አለበት።

ያን እሑድ ታስታውሺዋለሽ? ከዚያ በፊት የማውቅሽ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል የምትሠራ፣ ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ እህት አድርጌ ብቻ ነበር። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆሜ ሰው አስተናግዳለሁ፤ "እንኳን ደህና መጡ" እልሻለሁ፣ "እንኳን ደህና ቆዩ" ትይኛለሽ፣ በቃ። የዚያን ቀን ግን ጋሽ ዘገዬን ይዘሽ መጣሽ። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸውና በሩ ጋ ቆመው "እኔ እዚሁ ልጠብቅ" አሉ። ወንበር አውጥቼ ሰጠኋቸው። እጃቸው ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር።

ማስታወቂያ ሲነገር ተነስተሽ ወረቀቱን አነበብሽው። ጋሽ ዘገዬ እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቅመም ፈጭተው አሽገው የሸጡ ሰው ናቸው። ስሙን ሰምተነው የማናውቅ አንድ የቅመም ኩባንያ "ኮረሪማ" የሚለውን ቃል የራሱ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቷል። ጠበቆቹ ደግሞ ጋሽ ዘገዬን በሠላሳ ቀን ውስጥ ቃሉን ከፓኬቶችዎ ላይ ያንሱ፣ ሌላ ስም ይፈልጉለት ይሏቸዋል።

"ምን ብለው ይጥሩት?" አልሽ ወረቀቱን ከፍ አድርገሽ። "'ያ ነገር' ይበሉት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። ከፋ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ሆነሽ የሠራሽባቸውን ስድስት ዓመታት፣ ጫካው ጥላ ሥር ገብተው ቀዩን ፍሬ የሚለቅሙትን ሴቶች በስማቸው እየጠራሽ ነገርሽን። "አገሮች የንግድ ስምምነት ሲፈራረሙ እነዚህን ሴቶች የጠራቸው የለም፤ የኩባንያ ጠበቆች ግን አሉበት" አልሽ። "ሕጉን የሚጽፉት ኮረሪማ ሸትቷቸው የማያውቅ ሰዎች ናቸው። ስሙ የእነሱ ከሆነ፣ ገበሬዋ የገዛ ኮረሪማዋን በስሙ ጠርታ እዚህ አገር ለመሸጥ ፈቃድ ልትለምን ነው። ዛሬ ስሙን ከሰጠን ነገ ዘሩን ይጠይቁናል።"

ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ከሥራ ቤት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን እንጂ ምንም ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ያን ቀን "ማን ያግዘኛል?" ስትይ እጄን ያወጣሁት ወንበር ለመሸከም ነው። ሌላ ምን እንደማውቅ አላውቅም ነበር።

ለካ ሥራው የወንበር አልነበረም። የንግድ ምልክት የሚመዘግበው የመንግሥት ቢሮ ከጋሽ ዘገዬ ሱቅ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እዚያው አሌክሳንድሪያ። ጠበቃ ልጃቸው ዕድላዊት የምትሠራው የቤት ሽያጭ ጉዳይ ቢሆንም ሕጉን አንብባ፣ "ማንም ሰው ተቃውሞ ማስገባት ይችላል፤ ግን ኤቪደንስ ያስፈልገናል። ቃሉ የሁሉም ሰው ቃል እንደሆነ ማሳየት አለብን" አለችን። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ምን ይመስል እንደነበር! የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የጋሽ ዘገዬ የማኅበር ጓደኞች፣ አንዱ የድሮ የምግብ ቤት ሜኑ፣ ሌላው የጉምሩክ ወረቀት ይዞ ይመጣል። እማማ ውባንቺ ከአዲስ አበባ ሲመጡ የያዟትን ብልቃጥ፣ "ኮረሪማ" የሚል ደብዛዛ ወረቀት እንደተለጠፈባት አምጥተው፣ "ፎቶዋን አንሱ፤ እሷ ግን ከእጄ አትወጣም" አሉ። ዕድላዊት እጃቸውንም ጨምራ አነሳቻት።

የጓደኛችንን የገላውንስ ነገር ረሳሽው? የፍቺ ወረቀቱን ይዞ መጣ! ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት እሱና ሚስቱ የወጥ ቤት ዕቃ ሲካፈሉ የፍርድ ቤቱ ዝርዝር ላይ "አንድ ብልቃጥ ኮረሪማ" ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። "ለማን ደረሰ?" ብለሽ ብትጠይቂው "ለእሷ" አለ፣ እስካሁን እየቆጨው። ዕድላዊት ወረቀቱን ግንባሯ ላይ አድርጋ "ዲስ ኢዝ ጎልድ!" አለች። ያን ቀን እንባሽ እስኪፈስ ስትስቂ አየሁሽ። ቤቴ ስገባ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር።

ከዚያ የሴቨን ኮርነርሱ ሰልፍ መጣ። የኩባንያው የቅመም ጣሳዎች የሚሸጡበት ሱፐርማርኬት በር ላይ፣ "ኮረሪማ የሕዝብ ቃል ነው" የሚል ካርቶን ይዘን ቆምን። እኔ እንኳ የቆምኩት ካርቶኑን ፊቴ ላይ አድርጌ ነው። አፍሬ ነበር፤ አልዋሽሽም። አንዲት ሴት "ሚስተር ታዲ?" አለችኝ። ካርቶኑን ዝቅ ባደርግ፣ አውቶቡሴ ላይ የምትመላለስ ልጅ እናት ናት! ጠቅላላ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ጠፋ። ዞር ስል አንቺ ራስሽን ነቀነቅሽልኝ። ጀመርኩ። ሰዋስዉን ጌታ ይቁጠረው፤ ግን ስለ ጫካው፣ ስለ ሴቶቹ፣ ስለ ጋሽ ዘገዬ ነገርኳት። ሴትየዋ የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት፤ ጨርሼ ሳልጨርስ ክንዴን ይዛ፣ "በእኛም አገር በቆሎ ዘር ላይ እንዲህ መጥተውብናል፤ አጎቴ ከጎረቤቱ ጋር ዘር መለዋወጥ ሊከለከል ነበር" አለችኝ። የተቃውሞ ወረቀታችን ላይ ፈርማ ሄደች፤ በሳምንቱ አሥራ አንድ ሰው ይዛ ተመለሰች። ጎረቤት ያለው ቬትናማዊ ባለሱቅ ዝናብ ሲመጣ ካርቶኖቻችንን አስገባልን፤ እሱም የዓሣ መረቅ ስም ላይ የራሱ ታሪክ ነበረው።

ዝናቡን ስናሳልፍ አንቺ ወደ እኔ ዞረሽ፣ "አቶ ታዴዎስ፣ ከዛሬ ጀምሮ 'እርስዎ' ይቅር። አንተ ነው የምልህ" አልሽኝ። እሺ አልኩ። "አንቺ" ለማለት ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ መጀመሪያ ያወጣሁት መኪናዬ ውስጥ፣ ብቻዬን ስለማመድ ነው።

አሁን የማታውቂው ላይ ደርሻለሁ።

ጥቅምት ውስጥ ኩባንያው ለጋሽ ዘገዬ ሌላ ወረቀት ላከ፤ የዚህኛው ቋንቋ ለስላሳ ነው። ስሙ የኩባንያው መሆኑን አምነው ከፈረሙና ተቃውሞውን ከተዉ፣ እሳቸው ብቻ ቃሉን እየተጠቀሙ ይሽጡ ይላል። ጋሽ ዘገዬ ሊፈርሙ አስበው እንደነበር ስትሰሚ ሱቁ ውስጥ ቆመሽ፣ "እሳቸው አይፈረድባቸውም፤ ደክመዋል። ማን ነው 'ይፈርሙ' ብሎ የመከራቸው?" ብለሽ ጠየቅሽ። እኔ ወንበር እያቀበልኩሽ ነበር።

የመከርኳቸው እኔ ነኝ፣ የምስራች።

ወረቀቱ በደረሳቸው ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ሌሊት እንቅልፍ እንደሌላቸው ነገሩኝ። አዘንኩላቸው ልልሽ እችላለሁ፤ እውነትም አዝኛለሁ። ግን ፈርቼም ነበር። እንሸነፋለን ብዬ፣ አንቺ ስትሸነፊ ማየት እንደማልችል አውቄ፣ ቶሎ ቢያልቅ ይሻላል አልኩ። "ይፈርሙና ይረፉ፤ ሌላው የራሱን ያውቃል" አልኳቸው። ሌላው ማለት ቦንጋ ያሉት ሴቶች ናቸው። እንዲህ ነው ያልኩት።

ጥያቄሽን ሰምቼ ዝም ባልኩ በዚያው ሳምንት፣ ዓርብ የጠዋቱን ዙር ጨርሼ በቀጥታ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። ጋሽ ዘገዬ በርበሬ እየመዘኑ ነበር።

"ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው የመከርኩዎ" አልኳቸው። "ፈርቼ ነው። እስካሁን ካልፈረሙ አይፈርሙ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ አንተ እንደወጣህ ልጄ ጋ ደወልኩ። 'ዳድ፣ ምንም ነገር እንዳትፈርም' ብላ ጮኸችብኝ። ወረቀቱን ከቀደድኩት ሳምንት ሆኖታል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንተ ራስህ መጥተህ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩህ ነዋ!" አሉና ሳቁ። ከዚያ ደግሞ ሳቃቸውን አቁመው፣ "ለእሷ ንገራት" አሉኝ። ስድስት ወር ፈጀብኝ። ይኸው ነገርኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ኅዳር ላይ ከመቶ ገጽ በላይ ማስረጃ ስንልክ የመጨረሻዋን ቁልፍ የተጫኑት እማማ ውባንቺ እንደነበሩ አትረሺውም። "የቱን ልንካ? ይሄን? በስመ አብ!" ብለው ተጫኑት፤ የእኛዎቹ "አሜን" አሉ። ጥር ላይ አንቺ የገበሬዎቹን ኅብረት ሥራ ማኅበር ልታግዢ ወደ ቦንጋ ስትሄጂ፣ በዚያው ሳምንት ቢሮው ማመልከቻውን ውድቅ አደረገው፤ ቃሉ የቅመሙ መጠሪያ ስለሆነ የአንድ ድርጅት ሊሆን አይችልም አለ። እሱን ሰምተሻል። ለኩባንያው መልስ እንዲሰጥ ሦስት ወር ተሰጠው። እኛ ሦስቱን ወር ትንፋሻችንን ይዘን ቆየን። መልስ አልሰጠም። ማክሰኞ "የተተወ" ተብሎ ተጻፈበት።

ቅዳሜ ሱቁ ሰው አልበቃውም፤ ፓርኪንጉ ላይ ወጣን። የእኛ መዘምራን ኪቦርድ ይዘው መጡ፣ የጋሽ ዘገዬ ማኅበርተኞች ከበሮ። መጀመሪያ የቱ ይቅደም ተባባሉ፤ በኋላ ሁለቱም አንድ ላይ ጀመሩት፤ እንዴት እንደገጠመ አትጠይቂኝ። የሳልቫዶሯ ሴት እናቷን ይዛ መጥታ በእጅ የተጋገረ የበቆሎ ቂጣ አደለችን። ገላው ጭፈራው መሀል ከቀድሞ ሚስቱ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ፤ እሷም ሰምታ መጥታ ኖሯል። "ብልቃጡ አለ?" አላት። "አለ፤ አልሰጥህም!" አለችው፤ ተቃቅፈው ሳቁ። ጋሽ ዘገዬ ወንበር ላይ ቆመው ንግግር ሊያደርጉ አስበው፣ "ኮረሪማ!" ብቻ ብለው አንድ ፓኬት ወደ ላይ አነሱ። ሰው ሁሉ "ኮረሪማ!" ብሎ መለሰላቸው። እልልታው የፖሊስ መኪና አስቆመ፤ ፖሊሱ ምን እንደሆነ ጠይቆ አንድ ፓኬት ተሰጥቶት ሄደ።

ሕጉ እንዳልተቀየረ አውቃለሁ። ዕድላዊት ያን ደስታ መሀል "ይህ አንድ ቃል ነው፤ ስምምነቶቹ እንዳሉ ናቸው" ብላኛለች። በሚቀጥለው ወር ከሳልቫዶሮቹ ጋር ሆነን ስምምነቶቹ ውስጥ ዘር መለዋወጥን ስለሚከለክለው አንቀጽ የምክር ቤት አባላችን ቢሮ ቀጠሮ አለን። የሚናገረው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔ። በእንግሊዝኛ።

እንግዲህ የቀረችኝን ልጻፋት። እወድሻለሁ፣ የምስራች። ባለፈው በላክሽው መልእክት እስከ መስከረም እዚያው እንደምትቆዪ፣ ማኅበሩ የፍሬ ማድረቂያ አልጋዎች ሊሠራ እንደሆነና እንጨት የሚሸከም ሰው እንዳጠረ ጽፈሽልኛል። ትምህርት ቤት ሰኔ አጋማሽ ላይ ይዘጋል፤ አውቶቡሱም ያርፋል። እኔ ለሰኔ ሃያ አንድ ትኬት ቆርጫለሁ። ስለ ጥቅምቱ ነገር ይቅር ካልሽኝ፣ የልቤንም ከተቀበልሽኝ፣ ከእናትሽ ፊት ቀርቤ በወጉ እጠይቅሻለሁ። እምቢ ካልሽኝ ደግሞ አልፈርድብሽም፤ ግን ትኬቱ አይመለስምና እመጣለሁ፤ እንጨቱን ተሸክሜ፣ አልጋዎቹን ሠርቼ፣ እነዚያን ሴቶች በስማቸው ሰላም ብዬ እመለሳለሁ።

የጫማ ቁጥሬ አርባ ሦስት ነው፤ ጫካው ውስጥ የሚሆን ቦቲ ካለ አስቀምጪልኝ።

አክባሪሽና ወዳጅሽ
ታዴዎስ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚያዝያ