በቀኑ ያላወጣሁት ክር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን

ሚጢዬ፣ የሆዴ ልጅ፣ እንደምን ከርመሽልኛል?

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ኩላሊቷን ታማ ሆስፒታል ገብታ ነበር። አሁን ተሽሏታል፤ አልጋ ላይ ሆና እንኳ ነርሶቹን «ጋውናችሁ አጥሯል» እያለች መከራ አሳየቻቸው አሉ። ልጇም ሁለተኛዋን ተገላግላለች።

እኔ እዚያው የምርምር ጣቢያው ውስጥ ነኝ፤ ከባሕር ውሃ ዩራኒየም የሚለቅመውን ክር አጥባለሁ። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ኃላፊ ለኛ ለአጣቢዎቹ ሥራውን አስረዳን። «ባሕሩ ውስጥ ዩራኒየም ብቻውን አይደለም። ብረቱም፣ መዳቡም፣ ዚንኩም ክሩ ላይ ቦታ ይሻማሉ። የባሰው ግን ቫናዲየም የሚባለው ማዕድን ነው። ክሩ በቆየ ቁጥር ዩራኒየሙን እየገፋ ይቀመጣል፣ አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ አይነሳም። ስለዚህ ክር ከቀኑ አይለፍ» አለን። ዘበኛው «ቫናዲየም የሚስቴ ወንድም ነዋ!» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀ። እኔ ግን ያንቺ ክር ትዝ አለኝ።

ልጄ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ጣቢያ ስትመራመሪ፣ ትኩሳት ጥሎሽ «እማ፣ በሃያ ስምንተኛው ቀን ከባሕሩ አውጪልኝ» ያልሽኝን፣ አንቺው የሠራሽውን ክር በቀኑ አላወጣሁትም። ቢቆይ ብዙ ይለቅምላታል፣ ደስ ላሰኛት ብዬ ዐሥራ ሁለት ቀን ጨመርኩበት። አንቺ ያን ጊዜ ቀንና ሌሊቱንም አትለዪም ነበር። የክሩ መለያ ወረቀት ላይ ግን እንዳልሽው ሃያ ስምንት ብዬ ጻፍኩ።

ሲለካ ቫናዲየም ሞልቶት ተገኘ። ያን ለማስለቀቅ ኃይለኛ አሲድ ሲደረግበት ክሩም ተበጣጠሰ። «የኔ ክር ዩራኒየሙን ከሌላው አይለይም እማ፣ አምስት ዓመቴን ውሃ በላው» ብለሽ አለቀስሽ። ቫናዲየም ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቀን መጨመሬን ግን ዐውቅ ነበር፤ እያለቀስሽ ዝም አልኩ። ሥራሽን ትተሽ ሄድሽ። ይኸው በሄድሽበት ካርቶን እንደምታሽጊ በነገርሽኝ ቁጥር «ሥራ ክቡር ነው» እያልኩ የማጽናናሽ እኔው ነኝ።

ለኃላፊው አልነገርኩትም፤ እንዳያባርረኝ ፈርቼ። አንቺ ግን ክርሽን አትውቀሺው።

ባለሽበት ሰው አያሳጣሽ፤ የነካሽው ሁሉ ይለምልም።

እናትሽ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው ኃላፊው ቤቴ ድረስ መጣ። የምርምር ደብተርሽን ጣቢያው መደርደሪያ ላይ አግኝቶት ኖሮ «የልጅዎ ስሌት ትክክል ነው፤ ያልገባኝ ውጤቱ ነው» አለኝ። አልቻልኩም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አልተቆጣኝም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ «እትዬ፣ ያኔ ተናግረው ቢሆን እኮ ሌላ ክር ማንጠልጠል ብቻ ነበር፤ ወር እንኳ አይሞላም» አለኝ።