ሁለት ኮሌታ የሚወጣው ሸሚዝ

ብዕሩን የያዘችው የእህቴ ልጅ ዊኒ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የኤርነስት ነው።

ወዳጄ ክላረንስ፣ እዚህ ለንደን እየዘነበ ነው። ሸሚዝ ሻጩ ነጩን ጥጥ መስኮቱ ላይ ሲዘረጋው ብርሃኑ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ማለዳ በመንደራችን የውሃ ቦይ ላይ የሚተኛውን ጉም መሰለኝና የት እንዳለሁ ረሳሁ። ሰውዬው ሌላ አምጥቶ፣ "ጌታዬ፣ ይኼኛው እኮ ካውያ አይፈልግም" አለኝ። "የማይጨማደድ ሸሚዝና የማይስቅ ሰው አላምንም፤ ወዲያ በለው!" አልኩት።

ከአልጋህ ሆነህ፣ "የምቀበርበት ሸሚዝ ግዛልኝ" ብለኸኝ ነበር። እምቢ! የገዛሁልህ ታችኛው ጫፉ እስከ ጭን የሚወርደውን ነው። ኮሌታው ሲያልቅ ሚስትህ ሂልዳ እንደ እናቶቻችን ከጫፉ ቆርጣ ሌላ ትሰፋለታለች። ሁለቱን ኮሌታ ሳትጨርስ የትም አትሄድም፣ አንተ ሰነፍ!

ሂልዳን ሳምልኝ። ዊኒ፣ እስቲ አንብቢልኝ፤ "ሰነፍ" ያልኩትን እንዳልዘለልሽው ልስማ።