የመምህርት ፈሪሃ ስም በመዝገብ ላይ ስለ መገኘቱ

ሰኔ 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ የይፋት ቆላ የኢንፎርሜሽን ክትትል ዴስክ ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት

ክቡር ሆይ፣

ለጤንነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ ሰላም፣ በዚህ ሙቀትም ለቢሮዎ ቬንትሌተር ረጅም ዕድሜ ያለኝን ልባዊ ምኞት ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ ከመናኸሪያው አጠገብ ኮምፒዩተር የምጠግነው ዘላለም አሥራደ ነኝ። ባልደረቦችዎ ባለፈው ረቡዕ ኮምፒዩተሬን ሲወስዱ የአያቴን ስም ሳይቀር ስለ መዘገቡ ራሴን ማስተዋወቄ ለወጉ ያህል ብቻ መሆኑን ይረዱልኛል።

ይህን ደብዳቤ ለሁሉም እንዲነበብ አድርጌ የምጽፈው ደፋር ሆኜ እንዳይመስልዎ። ፈርቼ ነው። ባጃጅ ከሱቄ ደጃፍ ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር ካቻቢቴው ከእጄ ይወድቃል። ደንበኞቼ ከረቡዕ ወዲህ በመንገዱ ወዲያኛው ጠርዝ ያልፋሉ፤ ከሩቅ እጃቸውን ያነሣሉ፤ አንዳንዶቹም ሳያነሡ ያልፋሉ፤ አልቀየምኳቸውም። በፍርሃት የተናገርኩት አንድ ቃል ግን አንዲት መምህርት ላይ መጥሪያ ስላስመጣ ቃሌን በይፋ ለማረም ተገድጃለሁ።

አስቀድሜ ባልደረቦችዎ ሦስት ጊዜ ጠይቀውኝ ሦስት ጊዜ እየተንተባተብኩ ያበላሸሁትን መልስ ላስተካክል። ሥራዬ ይህ ነው። ሊኑክስ የሚባል፣ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት፣ ውስጡንም ከፍቶ አንብቦ የሚያርመው የኮምፒዩተር ሥርዓት አለ። አስኳሉን ከርነል ይሉታል። ኮምፒዩተርን ከኬብል የሚያገናኘው የኔትወርክ ካርድ ከዚህ አስኳል ጋር በቀጥታ መግባባት ስለማይችል፣ በመካከላቸው የሚቆም ድራይቨር የሚባል ጽሑፍ ያስፈልጋል። የመናኸሪያችንን ተራ አስከባሪ ያስቡ። መኪናው የእሱ አይደለም፣ መንገዱም የእሱ አይደለም፤ እሱ የቀረ ዕለት ግን ወደ ጀውሃ የሚንቀሳቀስ መኪና የለም። እኔ የአንድ አሮጌ ካርድ ድራይቨር ጠባቂ፣ ማለትም ሲበላሽ አራሚው ነኝ። ካርዱን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ካርዱ ግን በእርዳታ በመጡት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ሆኖ በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው እስከ ዛሬ ያገለግላል። ከእኔ በፊት ሲጠብቀው የነበረው ፊንላንዳዊ ሽማግሌ ዕድሜው ሲገፋ ተረካቢ ፈለገ፤ ከዓለሙ ሁሉ እጁን ያነሣ አልተገኘም፤ እኔ አነሣሁ። ይኸው አምስት ዓመት ሆነኝ። ባልደረባዎ «ማን ልኮህ ነው?» ላለኝ መልሱ «ማንም አልላከኝም» የሚል ነው፤ ሲያምኑኝ ግን አላየሁም።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለ ደብዳቤዎቼ ነው። በአምስት ዓመት ለውጭ ሰዎች ሁለት መቶ አሥራ አራት ደብዳቤ መጻፌን አንድ በአንድ ቆጥረው ስለ ነገሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እኔ ቆጥሬያቸው አላውቅም ነበር። ይሁንና እነዚያ ደብዳቤዎች ከተጻፉበት ደቂቃ ጀምሮ ማንም በሚያየው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፉ ናቸው። በሥራችን አንድ መስመር ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ለውጡን ከነምክንያቱ በአደባባይ ይለጥፋል፤ የማያውቁት ሰዎችም ከአራቱም ማዕዘን ተነሥተው ያብጠለጥሉታል። ከእነዚያ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደብዳቤዎች እኩሌታው ለምን እንደ ተሳሳትኩ የገለጽኩባቸው ናቸው። በአደባባይ የተሰቀለ ስሕተቴን ለማንበብ ሁለት ሰው አሰማርተው የሱቄን መዝጊያ ከማጠፊያው ማስነቀል ባያስፈልግዎም፣ ለሥራዬ ከአገሬ ሰው እንዲህ ያለ ትኩረት ስላገኘሁ ክብር ተሰምቶኛል።

ሁለተኛው ስለ ደብተሩ ነው። በኤግዚቢትነት የተያዘውና «የምስጢር ቁጥር» የተባለው ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር የሙቀት መዝገብ ነው። ካርዱ በእኛ ቆላ አንድ አመል አለው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ክፍሉ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ሲያልፍ ኬብሉን ይስታል፤ ድራይቨሩም ሊቀሰቅሰው ይሞክራል፤ ወዲያው ካልነቃለት ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ኔትወርክ የለም። ይህን ለውጭ አገር የሥራ ባልንጀሮቼ ብጽፍ «እኛ ዘንድ አይታይም» አሉኝ። እንዴት ይታያቸው? የሚኖሩት በረዶ ከደጃፋቸው በሚዛቅበት አገር ነው። ስለዚህ በዚሁ በእኛ ሙቀት የሚለካ ሰው አስፈለገኝ፤ በጀውሃ ኮምፒዩተር የምታስተምረውን መምህርት ፈሪሃ አብዱልሃዲን ለመንኳት። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከክፍለ ጊዜ በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እየተቀመጠች፣ በየሰዓቱ ሙቀቱንና ያለፈውን መረጃ ብዛት ጻፈችልኝ። ባልደረባዎ ደብተሩን ገልጦ «ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ዜሮ፤ ይኼ የየት ቦታ ነው?» ሲለኝ ጀውሃ ነው ብዬ መመለሴ እውነት ነው። ሞቃት መሆኑንም ጨምሬ መንገር ነበረብኝ።

በደብተሩ ምክንያት ጥፋቱ ተገኘ። ካርዱ ሲሞቅ ለመንቃት ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል፤ ድራይቨሩ ግን አይታገሠውም ነበር። ሁለት ሴኮንድ እንዲጠብቅና ደግሞ እንዲሞክር አደረግኩት። የተለወጠው ሦስት መስመር ነው። በዚሁ በሰኔ መግቢያ ለውጡ ተቀባይነት አግኝቶ ወደ ዋናው ሥራ ገባ።

ሦስተኛው አቤቱታ ተብሎ የሚጠራ አይደለም፤ በራሴ ላይ የማቀርበው ክስ ነው። በእኛ ሥራ የማይጣስ ልማድ አለ። ማንኛውም ለውጥ በመዝገብ ሲገባ ችግሩን ያመለከተው፣ የጻፈው፣ የሞከረውም ሰው ስም ከሥሩ በግልጽ ይሰፍራል። ሌላ ዋጋ የለም፤ ያ ስም ብቻ ነው። ስለዚህ እኔም «ሞካሪ፦ ፈሪሃ አብዱልሃዲ፣ ጀውሃ» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚህ አገር ስም መዝገብ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚከተል ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ በበረዶ አገር ያሉት ባልንጀሮቼ አይደሉም።

ረቡዕ ዕለት ባልደረባዎ ያችን መስመር በጣቱ ይዞ «ይቺ ማናት?» አለኝ። «አላውቃትም» አልኩ። ስልኬን ከፈተና አርባ አንድ ጊዜ መደዋወላችንን አየ፤ ቁጥሩን ጻፈ፤ እኔም ቃሌን አላረምኩም። «መምህርት ናት፤ ሙቀት ትለካልኛለች» ብል ኖሮ ምናልባት ስቀው ያልፉት ነበር። ስለ ዋሸሁ ግን የምትደበቅ ሰው መሰለቻቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቃል ከፋይሉ ጋር እንዲያያይዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ፦ መምህርት ፈሪሃን አውቃታለሁ። ሥራውን የለመንኳት እኔ ነኝ፤ ስሟንም ሳላማክራት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላውቃትም ያልኩት ሐሰት ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ደብረ ሲና ወጥቼ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። በዚያ ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ እኔን ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ስሟ እንዲፋቅ መዝገቡን ለሚጠብቁት ባልንጀሮቼ ጻፍኩ። መልሱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጣ፤ የመዝገቡ ቅጂ በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ቤት ስላለ አንድ ፊደል እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ ማውጣት እንደማይቻል በጨዋነት አስረዱኝ። አንዱማ «ምስጋናን ለምን ማጥፋት ፈለግህ?» ብሎ ጠየቀኝ። የአገሬን ገበና ለባዕድ ከምዘረዝር ብዬ ኮምፒዩተሩን ዘጋሁት።

አራተኛው ስለ መጥሪያው ነው። ትናንት ሰኞ መልእክተኛዎ ጀውሃ ድረስ ተጉዞ መምህርት ፈሪሃ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሮዎ እንድትቀርብ የሚያዝ ወረቀት ለእናቷ ለእትዬ ሙሀባ ስለ ሰጠ፣ ለትጋቱ ምስጋና ይገባዋል። በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ግን በቃል ጨምሮ «ፎጣና ቅያሪ ልብስ ትያዝ» ማለቱን የነገሩኝ እትዬ ሙሀባ ናቸው። ክቡር ሆይ፣ ለጥያቄ ብቻ የሚጠራ ሰው ፎጣ ምን ያደርግለታል?

ወሬውን እንደ ሰማሁ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄጄ ነበር። እትዬ ሙሀባ በር ላይ ቆመው ተቆጡኝ፤ «አንተ ሰው፣ እኛ ስማችንን ለቀበሌ እንኳ የምንሰጠው ተለምነን ነው፤ አንተ ምን ብለህ ነው የልጄን ስም ለዱንያው ሁሉ የምትበትነው?» አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጠየቁኝ ግን ከቁጣው በላይ ገረፈኝ፤ «ረመዷን ነው እኮ። ለማፍጠሪያ ትመለሳለች?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ሳልጨምርበትና ሳልቀንስለት ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።

መምህርት ፈሪሃ ራሷ ግን አልወቀሰችኝም። «ጋሼ ዘላለም፣ ወላሂ ያችን መስመር ለተማሪዎቼ አሳይቻቸው ሁሉም በደብተራቸው ገልብጠዋታል፤ እነሱንም ሊጠሯቸው ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር። አላውቃትም ማለቴን ስነግራት መሳቋን ተወች፤ «ፈርተው ነው፣ ጋሼ» አለችና ፎጣዋን ማጠፍ ጀመረች። እኔ አስተጣጠፏን አይቼ ወጣሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። መጥሪያው ወደ እኔ ይዙር። ኮምፒዩተሬን እስከ ፈለጋችሁት ጊዜ ድረስ ያዙት፤ ደብተሩንም ሙቀቱ እስኪበርድ አጥኑት። የፈሪሃ ጥፋት ግን በሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ቁጭ ብላ እውነተኛ ቁጥር መጻፏ ብቻ ነው።

እኔ የተጠራሁ ባልሆንም ሐሙስ ሦስት ሰዓት የራሴን ፎጣ ይዤ ከበርዎ እገኛለሁ። የምመጣው ፈርቼ ስለ ሆነ፣ ሲያዩኝ ድፍረት አድርገው እንዳይቈጥሩብኝ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለ ንቃትዎ፣ ስለ ጥርጣሬዎ ስፋትና እኔን ከሚገባኝ በላይ ትልቅ ሰው አድርገው ስላሰቡኝ የማያልቅ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለቢሮዎ ሥራ መቃናት ሳይታወቅልኝ የደከምኩ ታዛዥዎ፣

ዘላለም አሥራደ
የኮምፒዩተር ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለእትዬ ሙሀባ፣ ጀውሃ
ለሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። ሙከራውን ያስጀመረው በሚያዝያ ወር የደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ነው። ርእሱ «ትብብር ስለ መጠየቅ» ይላል፤ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች ከሰዓት በኋላ ኔትወርካቸው እየተቋረጠ ሥራ ስለ ተስተጓጐለ ጠጋኙ በአስቸኳይ መፍትሔ እንዲፈልግ ያዝዛል። ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው፣ ከቲተሩ በላይ ደግሞ የእርስዎ ፊርማ አለ፤ በዚያ ቀን ከቀረቡልዎ ወረቀቶች ጋር ሳያነቡት ፈርመውበት ይሆናል። እኔም በልማዳችን መሠረት ያመለከተውን ሰው ስም አልነፈግኩም። ባልደረባዎ ከፈሪሃ ስም ላይ ጣቱን ቢያነሣ ኖሮ፣ ከላይዋ ባለችው መስመር «ችግሩን ያመለከተ» ተብሎ የተጻፈውን ሙሉ ስምዎን ከነማዕረግዎ ያነብ ነበር። እሱም አይፋቅም፤ ለፈሪሃ ስም ለምኜ አይቼዋለሁ። ትናንት የሰጠኋትን የደብዳቤውን ዋና ቅጂ መምህርት ፈሪሃ ሐሙስ በፎጣዋ ጠቅልላ ይዛልዎ ትመጣለች። በዚያ መዝገብ መገኘት የሚያስጠይቅ ከሆነ ግን፣ እርስዎም ቅያሪ ልብስ መያዝ እንዳይረሱ።