እኚህ ደግ ሽማግሌ

ልጄ ሆይ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ አለን፤ ጉልበቴ ቢለግምም ምላሴ እንደምታውቂው ነው።

ይህን የምትጽፍልኝ፣ በጣም ያረጁ ሰዎች ጤናቸው እንዴት እንደሆነና ምን እርዳታ እንደሚፈልጉ የምታጠና ነርስ ናት። ጥያቄዋን ብመልስላት ደብዳቤ ልትጽፍልኝ ተስማማን።

«አባባ፣ ልብስ ሲለብሱ ሰው ያግዝዎታል?» አለችኝ።

«ዕድሜውን ሙሉ በርና መስኮት የገጠመ አናጢ የሸሚዝ ቁልፍ ያቅተዋል?» አልኳት።

የእናትሽንም ጥያቄ እኔው ልመልስ ስል፣ «አይሆንም አባባ፣ እሳቸው ይመልሱ» ብላ ከለከለችኝ። «እማማ፣ የሚንከባከብዎት ማነው?» ስትላት እናትሽ ወደ እኔ ጠቆመች።

«እኚህ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤቴ ከሥራ እስኪመለስ እሳቸው ያበሉኛል» አለቻት።

ቀልድ እንደምትወድ ታውቂያለሽ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። ይልቅ እንዲህ ያሉ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እንዳለ ነገረችኝ። «እኔ በእግሬ እስከቆምኩ ድረስ ከዚህ ቤት ማንም አያወጣትም፤ ይህንንም ጥናትሽ ውስጥ አስገቢው!» አልኳት። አስገብታዋለች።

የእናትሽን ፀጉር መጎንጎን ለምጃለሁ፤ ይጣመማል እንጂ አይፈታም። ምድጃውን የምለኩሰው እኔ ብቻ ነኝ። የበሩን መቀርቀሪያም ከቁመቷ በላይ አድርጌ መታሁት፤ ነፋስ እየከፈተው ስላስቸገረኝ ነው።

ለዕረፍት ስትመጪ ታዲያ ዘለሽ አትግቢ። በሩ ላይ ቆመሽ ስምሽን፣ የማን ልጅ እንደሆንሽም ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ለእኔ ብዬ ነው፤ ጆሮዬ ደክሟል።

«ቅድም ጆሮዬ ደህና ነው ብለውኝ አልነበር?» ትለኛለች ነርሷ። «አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ» ብያታለሁ።

እናትሽ ጉንጭሽን ትስምሻለች። ቶሎ ነይ።

እጁ ያልደከመው አባትሽ