ማን አባሮሽ ነው?

እህት ዓለም፣

«ከትልቅ ከተማ የወጣ ሰው ይሆናል ወይ?» ብለሽኝ አልነበር? ስሚኝማ! ለሥራ ፈተናው እንደለመድነው ሳይነጋ ተነስቼ፣ የታክሲ ሰልፍ ይኖራል ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። በዚህች ትንሽ ከተማ ሰልፍ የለም፣ ታክሲም አላስፈለገኝ፤ በእግሬ አሥር ደቂቃ! የንድፍ ቢሮው በር ገና ዝግ ነው። ዘበኛው ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ ማን አባሮሽ ነው?» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። አፌን ታውቂው የለ፤ ያቺን አንዲት ክፍላችንን፣ በተራ የምንሠራበትን ጠረጴዛ ሳይቀር ዘረገፍኩላቸው። ኃላፊዋ በሩ ላይ ከእሳቸው ጋር ጥቂት አውርታ ገባችና ገና ሳልቀመጥ «ባለ ግማሽ ጠረጴዛዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ተፈተንኩ፣ ተቀጠርኩ!

ክፉውንም አልደብቅሽም። ሌላ የንድፍ ቢሮ የለም፤ ከእነዚህ ጋር ከተኳረፍኩ ጓዜን መጠቅለል ነው። ምስጢር የሚባል ነገርም የለም፤ ከሰዓት በኋላ የማላውቃት ዳቦ ሻጭ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ። ግን በዚያችው ክፍላችን ኪራይ እዚህ ሁለት ክፍል አገኘሁ፤ ሁለት መስኮት፣ ሁለት ጠረጴዛ። አንዱ ባዶውን ያየኛል።

ቢሮው አንድ ሰው ይቀረዋል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቁሻል። የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ! እማማን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ቶሎ ጻፊልኝ። እምቢ ካልሽ ግን ለጋሼ ራስሽ መጥተሽ ንገሪያቸው፤ «እሷም እንዳንቺ ሳይነጋ ነው የምትደርሰው» ብለው ከአሁኑ ሁለተኛ ወንበር በሩ ላይ አውጥተዋል።

ያንቺዋ ቀዥቃዣ